ሃሎፔሪዶል ወይስ ኦላንዛፒን? ማኒያ ሲነሳ መድኃኒት ለመቀየር ለተገደዳችሁ

ቤታችን የባይፖላር (ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም) ታማሚ እንዳለ የሚያውቁ ወዳጆች «ሃሎፔሪዶሉ አልተስማማውም፤ ወደ ኦላንዛፒን እንቀይር? ዋጋውስ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሐኪሙ ሁለቱንም ካቀረበላችሁ፣ የእኔ ምርጫ ኦላንዛፒን ነው።

ሃሎፔሪዶል ማኒያን፣ ማለትም የባይፖላርን ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ በማብረድ አይታማም። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው፣ 13 መድኃኒቶችን ያነጻጸረ ጥናት ከሪስፔሪዶንና ከኦላንዛፒን ጋር ከፊተኞቹ መድቦታል። ታማሚው ወንድሜም ሃሎፔሪዶል በጀመረ በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱ ግን አንገቱ ወደ ግራ ትከሻው ተጠምዞ ቀረ፤ በመርፌ ነው የተፈታለት። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ አታለለን። መቀመጥ አቃተው፤ ከበር እስከ አጥር ሲመላለስ ይውላል። ማኒያው የተመለሰ መስሎን መጠኑ እንዲጨመር ለመንን። ተጨመረ፤ ባሰበት። ለካ መድኃኒቱ ራሱ ያመጣው መቁነጥነጥ ኖሯል። በማኒያው ጊዜ አንደበቱም ሐሳቡም አብረው ይሮጡ ነበር፤ አሁን ንግግሩ ረግቶ እግሩ ብቻ ነበር የማያርፈው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ለሐኪሙ ሳትነግሩ መጠን አታስጨምሩ።

በፍሬ ከተሰላ ሃሎፔሪዶል ይረክሳል። እኔ ግን የማሰላው በወር ነው፦ ሃሎፔሪዶል ለሚያመጣው መንቀጥቀጥ የሚታዘዘው አርቴን የተባለ መድኃኒት፣ በሌሊት የሚጠራ ታክሲ፣ ከሥራ የቀረሁባቸው ቀናት። ይህ ሁሉ ሲደመር ርካሽነቱ ጠፋ። ኦላንዛፒን ስትገዙ የባለ 10 ሚሊግራሙን አንድ ፍሬና የባለ 5ቱን ሁለት ፍሬ ዋጋ ለየብቻ ጠይቁ። መጀመሪያ ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን እዩ። የጤና መድን ካላችሁ ደግሞ መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ መኖሩን ሳታረጋግጡ ከኪሳችሁ አትክፈሉ።

አንድ ጊዜ ቅናሽ አጓጉቶኝ «በሻንጣ የገባ ነው» የተባለ ኦላንዛፒን ገዛሁ። ካርቶን አልነበረውም፤ የምርት መለያ ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ ያለበት ጫፍ ተቆርጧል። ወንድሜ ሦስት ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን አደረ። ያተረፍኩት ገንዘብ እንደገና ለመታየት ለከፈልነው እንኳን አልበቃም። ጫፉ የተቆረጠ ማሸጊያ በነጻም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ።

ቅያሪውን በራሳችሁ አትሞክሩት። ብዙ ጊዜ አንዱ እየተቀነሰ ሌላው ይጨመራል፤ በመካከል ክፍተት ከተፈጠረ ማኒያው ያገረሻል። ሃሎፔሪዶል ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ አርቴኑንም ሐኪም ሳያዝ በዚያው ቀን አታቁሙ። ትኩሳትና የሰውነት መገተር አብረው ከመጡ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ኦላንዛፒንም ዕዳ አለበት፤ ክብደትና ስኳር። ወንድሜ እራት በልቶ ሌሊት ዳቦ ፍለጋ ይነሳል። በቤተሰብ ስኳር ካለ ስለ ሪስፔሪዶን ጠይቁ፤ እሱ ግን ሴቶች ላይ የወር አበባ ሊያስቀር፣ ከጡት ፈሳሽ ሊያመጣ ይችላል። ሲጋራ ኦላንዛፒንን በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው ታማሚው ማጨስ ሲጀምርም ሲተውም ለሐኪሙ ንገሩ። ከመጀመሪያው ፍሬ በፊት ክብደትና የጾም ስኳር አስለኩ፤ በሦስተኛው ወር ድገሙት። የምርመራውን ዋጋም በወሩ ሒሳብ ላይ ደምሩት። እኔ ደምሬዋለሁ፤ አሁንም የምገዛው ኦላንዛፒኑን ነው።