የድሮ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ላላችሁ፦ አንድ ግንበኛ ልጠቁማችሁ

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ጉለሌ አካባቢ የድሮ የድንጋይ ቤት ውስጥ የምትኖሩ፣ ወይም እናት አባታችሁ እንዲህ ያለ ቤት ያላቸው፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የሳሎናችንን ጭስ ማውጫ የጠገነልንን ግንበኛ ላመሰግን፣ እግረ መንገዴንም ልጠቁማችሁ ነው። ስሙን አደባባይ እንዳላወጣ ለምኖኛል። «ሰው ሲበዛብኝ ሥራዬ ይበላሻል» ባይ ነው። እኛ ቤት ጋሼ ስለምንለው እዚህም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ያለ ነው። ማን እንደሠራው በቤተሰቡ ውስጥ ስምምነት የለም፤ አንዱ አርመን ነው ይላል፣ ሌላው ጣሊያን። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አርመኑም፣ ግሪኩም፣ ህንዱም፣ ጣሊያኑም ይገነባ ስለነበር ሁለቱም ያስኬዳል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ በኖራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ምድጃ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መቀመጧን የረሳ ሰው «ምድጃ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል፤ የኅዳርን ሌሊት በድንጋይ ቤት ያሳለፈ ግን አይጠይቅም። እማዬ ሰማንያን አልፋለች፤ ማታ ማታ እሳት ዳር ካልተቀመጠች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ችግሩ የመጣው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ክረምት ክረምት ጭስ ማውጫው ጣሪያውን በሚበሳበት በኩል ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ። ቀጥሎ ጭሱ ወደ ቤት መመለስ ጀመረ። ከዚያ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህም ድረስ ቤት ሲያወዛውዝ፣ ሁላችንም ቀና ብለን ያየነው ያንን ከጣሪያው በላይ ለብቻው የቆመ ግንብ ነበር። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቀድመው ከሚወድቁት ውስጥ የድሮ የድንጋይና የጡብ ጭስ ማውጫዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። የኛው ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ። ከሥሩ ጓሮ አለ፤ በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ጊዜ ወደ ቀበሌ የዞሩት ክፍሎች ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚጫወቱት እዚያ ነው።

እማዬ ጭሱ ሲያስመርራት ምድጃውን ትታ ከሰል አቀጣጥላ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ጀምራ ነበር። ይኼኛው ከስንጥቁ ይልቅ አስፈራኝ። የተያያዘ ከሰል ስለማይጨስ ደህና ይመስላል፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ክፍል የተኛን ሰው እንደተኛ ያስቀረዋል። በየዓመቱ የምንሰማው ወሬ ነው። ስለዚህ ጭስ ማውጫውን ማሠራት ለቤቱ ውበት የሚደረግ ቅንጦት አልነበረም።

ከጋሼ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች መጥተው ነበር። አንዱ ከታች ሆኖ አየና «ይፍረስ» አለ። ሌላው «ዙሪያውን በሲሚንቶ ልሰን ቀጥ እናደርገዋለን» አለ። የሚገርመው ከዓመታት በፊት የተሠራውም ይኸው ነበር፤ አንድ ልሳኝ የላይኛውን ክፍል በሲሚንቶ ጠቅልሎት፣ ስንጥቁ ላይ ሬንጅ ቀብቶበት ሄዷል።

ጋሼን ያገኘነው በጎረቤት ጥቆማ ነው። ዕድሜው ስልሳን የዘለለ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ። ዕቃውን ሳያወርድ መጀመሪያ የጠየቀው «ውሃው የሚገባው በየት በኩል ነው?» ብሎ ነበር። እኛ ስለ ጭስ እያወራን እሱ ስለ ውሃ ይጠይቃል። ኋላ እንደገባኝ ጉዳዩ ሁሉ እዚያ ነበር። ጭስ ማውጫ ከቤቱ ሁሉ ብቻውን ወጥቶ የቆመ አካል ነው፤ ግድግዳው የጣሪያ ክፈፍ ይከልለዋል፣ እሱን ግን በአራቱም ጎን ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከታች ደግሞ እሳት ያሞቀዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም የጠጣውን ውሃ በበጋ መልሶ መተንፈስ አለበት። በኖራ የተያያዘ ግንብ ይህን ማድረግ ይችላል። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ሰው ውስጥ ውስጡን ያልበዋል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁ ከሥሩ ካለው ለስላሳ ግንብ ጋር እኩል አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ስለሚያጣ የውስጡን ኖራ እያጠበ አሸዋ ያደርገዋል። ጋሼ ልስኑን በመዶሻ እጀታ ቆርቆር አድርጎ ባዶ ድምፅ የሰጠበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ከበበው። ሲጨርስ ከላይኛው ክፍል ያልተከበበው ጥቂት ነበር።

ከዚያ ቱንቢውን ጣለ። ግንቡ አልዘመመም። ስንጥቁ ላይ ደግሞ ስስ የመስታወት ቁራጭ አግድም አጣብቆ ቀን ጻፈበትና «ይህ ከተሰበረ ግንቡ ገና እየሄደ ነው፤ ካልተሰበረ ስንጥቁ አሮጌ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አልተከፈለውም፣ ቀብድም አልጠየቀም። ሳምንታት አልፈው ሲመለስ መስታወቱ እንዳለ ነበር። «ይፍረስ» ያለን ሰውዬ ትዝ አለኝ። ማፍረስና እንደገና መገንባት ለሠራተኛ ብዙ ብር ነው፤ ጋሼ ያንን ሥራ በአንዲት የመስታወት ቁራጭ ራሱ ላይ ዘጋ። አፌን ሞልቼ የምመሰክርለት በዚህ ነው።

ቀጥሎ ያደረገው ሙከራ እስካሁን ቤት ውስጥ ይወራል። ምድጃው ውስጥ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጨሰና ረዳቱን ጣሪያ ላይ አውጥቶ አፉን በእርጥብ ጆንያ አስከደነው። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በየት በኩል እንደሚሾልክ ለማየት ነው። ከኮርኒሱ ጥግ ወጣ፤ ያ የተጠበቀ ነው። ግን ከእማዬ መኝታ ቤት፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባም ወጣ። እማዬ «ኧረ በእመቤቴ! ልብሴን አጠናችሁት!» ብላ ስትጮህ ጋሼ ሮጦ ሄዶ ቦታውን በጠመኔ ምልክት አደረገበት። ያ ክፍል በበጋም ጭስ ጭስ ሲል የኖረው ለካ በዚህ ነው። ጭሱ የሚያልፍበት ክፍል የውስጥ ልስኑ ከተበላ ጭሱ በድንጋዮቹ መሀል መንገድ ይከፍታል። ከጣሪያ ሥር ደግሞ ዘመን ያደረቀው እንጨት ነው ያለው፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

ከውስጥ የወጣውን ብታዩት! የእርግብ ጎጆ በጎጆ ላይ፣ የወዳደቀ ኖራ፣ ግማሽ ጡብ፣ በጆንያ እየሞላ ወረደ። ግድግዳውን የሸፈነው ጥቀርሻ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ነበር። እርጥብ ማገዶ ስናነድ የሚቀረው ይኼ ነው፤ ሲወፍር ራሱ ይነዳል። እንጨቱን ከክረምት በፊት ገዝቶ፣ ፈልጦ፣ ከለላ ሥር ማድረቅ እንደሚገባ ነግሮናል።

ሥራው እንዲህ ነበር። ልቅ የሆነውን የሲሚንቶ ልስን ብቻ አነሳ፤ ድንጋዩን ይዞ የሚመጣውን በግድ አልነቀለም። መጋጠሚያዎቹን በቀጭን መሮ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጠረገና በውሃ አራሳቸው። ኖራውን ቀደም ብሎ በበርሜል አፍልቶ አብርዶ አሳድሮታል (ልጆች እንዳይጠጉ ጮኾ ነበር፣ የሚፈላ ኖራ ዓይን ያጠፋል)። አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ነው የቀላቀለው። ረዳቱ ደብቆ ትንሽ ሲሚንቶ ሊጨምርበት ሲል ያዘውና «ቶሎ እንዲደርቅልህ ነው? እኔ ቶሎ እንዲደርቅ አልፈልግም» አለው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በዝግታ ነው፤ ፀሐይ ከቀደመው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በየቀኑ እርጥብ ጆንያ ያለብሰው ነበር። ጎረቤቶች ከመንገድ ሆነው እያዩ ምን ታሞ ነው ጆንያ የለበሰው እያሉ ሲስቁ ከረሙ።

ሲሚንቶ የተጠቀመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አናቱን በሚከድነው ጠፍጣፋ ክፍል። እሱም ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ ከግንቡ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ያለ ነው። ከሥሩ ጣት የምታህል ቦይ ዙሪያውን አስገባለት። ውሃው ከጠርዙ ተመልሶ በሥሩ እየተሳበ ግንቡን እንዳያርስ እዚያ ቦይ ጋ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ይህችን ቦይ ከታች ማንም አያያትም። ባይሠራት ማንም አይጠይቀውም ነበር። ጣሪያው ጋ ያለውንም ሬንጁን ሁሉ ፍቆ ላሜራ አስቆረጠና የላሜራውን ጠርዝ አጥፎ መጋጠሚያው ውስጥ አስገብቶ በኖራ ዘጋው። በሲሊከን የተለጠፈ ላሜራ ፀሐይ ሁለት በጋ ከመታችው አበቃለት አለ።

ስለ ክፍያ፦ በቀን ሒሳብ ነው የሚሠራው፤ በኮንትራት አይዝም። ዕቃውን ራሳችን እንድንገዛ ዝርዝር ጽፎ ይሰጣል፣ የተረፈውን ኖራና አሸዋ ቆጥሮ ያስረክባል። ብሩን እዚህ መጻፉ ትርጉም የለውም፤ የዕቃ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ስታነቡት ያረጃል። ከጠየቅናቸው ሁሉ ግን የቀን ሒሳቡ ውድ ነበር፤ ጠቅላላ ወጪው ደግሞ ትንሹ።

እውነቱን ለመናገር እንከን የለውም አልልም። ቀርፋፋ ነው። ስልክ አያነሳም፤ ራሱ ማታ መልሶ ይደውላል። በ12፣ በ19፣ በ21 አይሠራም፤ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን ያከብራል፤ ይህን አውቃችሁ ግቡበት። ቸኩሎ የሚያስቸኩል ሰው ከሱ ጋር አይስማማም። እኔም መሀል ላይ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር፤ እማዬ ግን ከጅምሩ ወዳዋለች። አንድ ቀን ቡና ላይ «ልጄ፣ ይኼ ግንብ እኔን ይቀድማል ወይስ እቀድመዋለሁ?» ብትለው፣ «እማማ፣ ድንጋዩ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ኖራው ብቻ ነው» አላት። «እንግዲያውስ እኔንም ኖራ ቀባኛ!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

ያልፈታው አንድ ነገር አለ፤ አስቀድሞም እንደማይፈታው ነግሮናል። ጭስ ማውጫ ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያው ካለው የጣሪያ ክፍል ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል የአሜሪካኖቹ የግንባታ ደንብ ይጠይቃል። የኛው ቁመት ይበቃዋል። ግን አጠገባችን ባለ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ነፋስ በዚያ በኩል ሲመጣ ሕንፃው ላይ ተላትሞ ወደ ታች ይመለስና ጭሱን ይደፍቀዋል። «ይህን በድንጋይ አላሸንፈውም» አለና ከላሜራ የተሠራ ክዳን በእግሮች ላይ አቆመልን፤ እርግብም ዝናብም ይከለክላል። ነፋሱ ሲበረታ አሁንም ትንሽ ይጨሳል፣ መስኮት ገርበብ እናደርጋለን። የከሰሉ ጉዳይ ግን ቀርቷል።

ቤታችሁ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ እሱን ከመጥራታችሁ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የጥገና ሥራ ያለ ቅድመ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይከለክላል፤ ጋሼም ወረቀቱን ሳያይ መሰላል አይወጣም። ካዛንቺስ ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው ዓይነት ቤቶች ላይም ስለሠራ የጡብ ጭስ ማውጫ ላላችሁም ይሆናል። ጡብ ከጥቁር ድንጋይ ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ በሲሚንቶ ከተለሰነ ፊቱ እየተላጠ ይረግፋልና አትዘግዩ።

ጋሼ፣ ልጅህ ይህን እንደሚያነብልህ አውቃለሁ። እጅህ ይባረክ። እማዬም እግዜር ይስጥልኝ ብላሃለች፤ ለቡና ብቅ በል ብላለች።

ለሌሎቻችሁ፦ ክረምት ከመግባቱ በፊት ደውሉለት፤ ኖራ ዝናብ ሳይመታው የሚጠነክርበት ጊዜ ይፈልጋል፣ ከግንቦት በኋላ ደግሞ የውጭ ሥራ አይቀበልም። ለርብራብ የሚሆን አጣና እና ረጅም መሰላል እናንተው አዘጋጁ፤ እሱ መዶሻና መሮውን በኩርቱ ፌስታል ይዞ በታክሲ ነው የሚመጣው።