ሥልጠና ወይስ አማካሪ? ለምርጫ ለሚነሱ ዓረብ ሴቶች

ሥልጠና ፈጣን ነው። ብዙ ሴቶች በጥቂት ቀናት ንግግር ማድረግን፣ በጀት ማንበብን፣ የምርጫ ሕግን ይማራሉ። ለቱኒዚያ የሚሆነው ይሄ ነበር። የያኔው ሕግ በዕጩዎች ዝርዝር ላይ ሴትና ወንድ እንዲፈራረቁ ያስገድድ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. በማዘጋጃ ቤት ምርጫ 47 በመቶ ያህሉን መቀመጫ ሴቶች ያዙ። ለዚያ ሁሉ ተመራጭ አንድ ለአንድ አማካሪ ከየት ይመጣ ነበር?

ኩዌት ግን ሌላ ናት። ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በ2005 ነው። በ2006 አንዲትም አላለፈችም። በ2009 አራት ፓርላማ ገቡ። ፓርላማው በ2024 እስኪበተን ድረስ፣ እዚያ ቅስቀሳው ይደራ የነበረው ማታ ማታ ዲዋኒያ ውስጥ ነው፤ ወንዶች ግድግዳውን ተከትለው ተቀምጠው፣ ቡና በስኒ እየዞረ በሚያወጉበት ሰፊ ክፍል። በሩ ላይ ስትደርሺ ማንን ቀድመሽ ሰላም ትያለሽ? የት ትቀመጫለሽ? ይሄን የሚነግርሽ የሥልጠና ወረቀት አይደለም፤ ቀድማሽ የገባች ሴት ናት።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እኔ አማካሪዋን እመርጣለሁ። በተለይ ተሸንፋ እንደገና ለመወዳደር ለምታመነታ ሴት። ከአራቱ የኩዌት ተመራጮች አንዷ ዶክተር ሮላ ዳሽቲ በ2009 ያሸነፉት በ2006ም በ2008ም ተወዳድረው ሳይሳካላቸው ቀርቶ ነው።