ዋይፋዩን ‹‹መርሳት›› ወይስ የኔትወርክ ቅንብሩን በሙሉ ዳግም ማስጀመር?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣ እንግዳ ስልኩ ከማረፊያው ዋይፋይ ጋር አልገናኝ ሲለው እነዚህ ሁለት ምክሮች ይሰጡታል። መርሳት ስልኩ ያስቀመጠውን የዚያን ዋይፋይ የይለፍ ቃል አጥፍቶ እንደ አዲስ መገናኘት ነው፤ ዳግም ማስጀመር ደግሞ የስልኩን የኔትወርክ ቅንብር በሙሉ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። ከሁለቱም በፊት ግን የሌላ ሰው ስልክ ይሞከር። እሱም እንቢ ካለ ጥፋቱ የራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) ወይም የመስመሩ ነው፤ በተለይ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ራውተሩን ነቅሎ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጊዜ
መርሳት፦ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።
ዳግም ማስጀመር፦ ራሱ አጭር ነው፤ የሚረዝመው ከዚያ በኋላ የሚከተለው ሥራ ነው።

የሚጠፋው
መርሳት፦ የዚያ የአንዱ ዋይፋይ የይለፍ ቃል ብቻ።
ዳግም ማስጀመር፦ የቤት፣ የመሥሪያ ቤትና የዘመድ ቤት የይለፍ ቃል ሁሉ፣ በብዙ ስልኮች ላይ የተጣመሩ የብሉቱዝ ዕቃዎችም ጭምር። ፎቶና መልእክት ግን አይነካም። ይህን አጥብቄ የምናገረው የልጆቻቸው ፎቶ እንዳይጠፋ የሚሰጉ እናቶች ስላሉ ነው፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው፣ መልስም ይገባቸዋል።

በላፕቶፕ ላይ ዳግም ማስጀመሩ ከበድ ይላል፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 የኔትወርክ አስማሚዎቹን (ላፕቶፑን ከኔትወርክ የሚያገናኙትን ክፍሎች) አራግፈው እንደገና ይጭናሉ።

የይለፍ ቃሉ በቅርቡ ከተቀየረ ወይም ችግሩ በአንድ ቤት ብቻ ከታየ መርሳትን እመርጣለሁ። ስልኩ በደብረ ማርቆስም፣ በደጀንም፣ በባሕር ዳርም ከየትኛውም ዋይፋይ ጋር አልገናኝ ካለ ዳግም ማስጀመር ይሻላል፤ የይለፍ ቃሎቹን አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ።