አሮጌ የሞተር ሳይክል ሞተር ቤት ውስጥ ማደስና መወልወል፦ የቱን ልግዛ?

አሮጌ ሞተር ለማደስ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው የመወልወያ ዲስክና ቅባት ነው። ይገባኛል። እንደ መስታወት የሚያበራ የሞተር ክዳን ዓይን ይስባል። ግን ውስጡ በትክክል ካልተለካና ካልታሸገ ያ ሁሉ ልፋት ዘይት የሚያንጠባጥብ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አድልዎዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ገንዘባችሁ መጀመሪያ ለሚለካ፣ ቀጥሎ ለሚያሽግ፣ መጨረሻ ላይ ለሚያበራ ነገር ይውጣ። ከታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ ዓይን የተጻፈ ነው።

ሁለት ስትሮክ ወይስ አራት ስትሮክ?

ይሄ ሞተሩን ገና ላልገዛችሁ ነው። ስትሮክ ማለት የፒስተኑ አንድ መውጣት ወይም መውረድ ነው፤ ሞተሩ አንድ ዙር ሥራውን በሁለት ወይም በአራት እንዲህ ያለ ምት ይጨርሳል። ሁለት ስትሮክ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) የለውም፣ ከላይ የሚከፈት የሚዘጋ ቫልቭ የለውም፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይ ራስ) ተራ የአሉሚኒየም ክዳን ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው "ለጀማሪ ቀላል ነው" የሚባለው። ግማሹ እውነት ነው፣ ጣጣው ያለው ታች ነው። ነዳጅና አየሩ ወደ ሲሊንደሩ የሚወጣው ኮሎው (የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) በተቀመጠበት ካርተር (የሞተሩ የታች ቤት) አልፎ ስለሆነ፣ ካርተሩ አየር ማሳለፍ የለበትም፤ የኮሎው ኦይል ሲል (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ትንሽ እንኳ ካሳለፈ ሞተሩ ትርፍ አየር ይስባል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላል፣ መጨረሻው መጣበቅ ወይም መበሳት ነው። በዚያ ላይ ኮሎው አብዛኛውን ጊዜ በፕሬስ የተገጣጠመ ነው። ቤላውን (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘውን ክንድ) ለመቀየር መበተን፣ መልሶ መግጠም፣ ከዚያ በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) እያዩ ማቅናት ያስፈልጋል። ይሄን ለባለሙያ ስጡት።

አራት ስትሮክ ብዙ ዕቃ አለው፣ ሥራውም ይረዝማል። ግን አብዛኛው ሥራ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። እዚህም ላይ ሞተር ከሞተር ይለያል። በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ካርተሩ ላይና ታች ሆኖ ነው የሚከፈለው። ገልብጣችሁ የታችኛውን ግማሽ ስታነሱ ኮሎውም ጥርሶቹም ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ታዩአቸዋላችሁ። የኮሎውና የቤላው ኩሽኔታዎች (ዘንጉ የሚዞርባቸው መደገፊያዎች) ስስ ቅርፊት ናቸው፣ ያለ ፕሬስ ይቀየራሉ። ችግሩ አራት ሲሊንደር መሆኑ ነው፦ አራት ፒስተን፣ አራት ስብስብ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ አራት ካርቡራተር። ሁሉን ነገር በአራት አባዙት።

ያማሃ ኤክስኤስ 650 ሁለት ሲሊንደር ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ካርተሩም እንደ ሆንዳው ላይና ታች ይከፈላል። ኮሎው ግን በፕሬስ የተገጠመ ባለ ሮለር ኩሽኔታ ነው። ኮሎው ደህና ከሆነ ትድናላችሁ፣ ካልሆነ ወጪው ይከብዳል። በ1959 የወጣው ትራያምፍ ቦነቪል ደግሞ ካርተሩ ግራና ቀኝ ሆኖ ነው የሚለያየው። ኮሎው ውስጥ የዘይት ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ቱቦ አለ። ለዓመታት ከቆየ ይደፈናል። ያን ሳይከፍቱና ሳያጸዱ አዲስ የቤላ ኩሽኔታ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፣ ምክንያቱም ዘይቱ አይደርሰውም። ለቦነቪል የሚሆን ቁልፍ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የተሠራበትን ዓመት እዩ፤ የእንግሊዝ ብሎኖች በሚሊ ሜትር ቁልፍ አይፈቱም።

የኔ ምርጫ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ሲሊንደር አራት ስትሮክ፣ መለዋወጫው ዛሬም የሚመረት። ስትገዙ "አይዞርም" የተባለ ሞተር አያስደንግጣችሁ፣ ፋሻው ዝጎ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ በማስለስለሻ ዘይትና በትዕግስት ይላቀቃል። የበለጠ የሚያስፈራው ሰንሰለቱ ከሞተሩ የሚወጣበት ቦታ ላይ ያለ ስንጥቅ ነው። ሰንሰለት ተበጥሶ እዚያ ሲጠቀለል ካርተሩን ይሰብራል። በብየዳና በቀለም ተሸፍኖ የሚሸጥ አለ፣ ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ባትሪ አብሩ።

ካቻቢቴ

አጭር ነው ግን አትዝለሉት። የ1960ዎቹና 70ዎቹ የጃፓን ሞተሮች የጎን ክዳን ብሎኖች ባለ መስቀል ራስ ናቸው። ተራ የፊሊፕስ ካቻቢቴ የሚገባ ይመስላል፣ ግን የጃፓኑ ደረጃ ጂስ የሚባለው ቅርጹ ትንሽ ይለያል። ፊሊፕሱ ሲጠብቅ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ሁለት የጂስ ካቻቢቴና በመዶሻ የሚመታ ኢምፓክት ድራይቨር ከአንድ ሙሉ ሳጥን ርካሽ መፍቻ ይበልጣሉ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የሚለካ ነገር፦ ካሊፐር፣ ማይክሮሜትር፣ ቦር ጌጅ

ብዙ ሰው "ዲጂታል ካሊፐር አለኝ፣ ይበቃኛል" ይላል። እስቲ ቁጥሩን እንየው። በአየር በሚቀዘቅዙ ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ፒስተኑና ሲሊንደሩ መካከል የሚፈለገው ክፍተት ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የተለመደ ካሊፐር ራሱ በ0.02 ወይም በ0.03 ሊሳሳት ይችላል። ስህተቱ ልትለኩት ከፈለጋችሁት ነገር ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው! ካሊፐር ለብሎን ርዝመት ጥሩ ነው፣ ለሲሊንደር ግን አይሆንም።

ማይክሮሜትር ግዙ። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር የሚለካውን። የሲቢ 750 ፒስተን 61፣ የ1959ኙ ቦነቪል 71 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱንም ይይዛል። ኤክስኤስ 650 ግን 75 ነው፣ ሲሊንደሩ ከሰፋ በኋላ የሚገባው ትልቁ ፒስተን ከዚህ ማይክሮሜትር ያልፋል፣ ስለዚህ የእሱ ባለቤት ቀጣዩን መጠን ይግዛ።

ለሲሊንደሩ ውስጥ ሁለት አማራጭ አለ። ቴሌስኮፒክ ጌጅ ርካሽ ነው፦ ውስጥ ትከፍቱታላችሁ፣ ትቆልፉታላችሁ፣ አውጥታችሁ በማይክሮሜትር ትለኩታላችሁ። የእጅ ስሜት ይፈልጋል፣ አንዱን ቦታ ደጋግማችሁ ስትለኩ ያው ቁጥር እስኪመጣ ድረስ አትመኑት። ዳያል ቦር ጌጅ ይወደዳል፣ ግን ከላይ ወደ ታች ስታንሸራትቱት መርፌው ራሱ የት እንደሰፋና የት እንደሞላላ ይናገራል። አንድ ሞተር ብቻ ለሚያድስ ቴሌስኮፒኩ ይበቃል። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በእያንዳንዱም ቦታ ከፊት ወደ ኋላና ከግራ ወደ ቀኝ ለኩ። ሥራውን ለምዳችሁ ሁለተኛ ሞተር ካሰባችሁ ቦር ጌጁ ገንዘቡን ይመልሳል።

ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች) የግድ ነው፣ ደግሞም ርካሽ ነው። ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ በፒስተኑ ራስ ገፍታችሁ ታቀኑትና የጫፎቹን ክፍተት ትለካላችሁ። ማኑዋሉ ያለው ቁጥር ነው የሚገዛው። እሱ ከሌለ ለአራት ስትሮክ የሚሠራበት ልማድ በየ25 ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋት 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) ላይ ሰው የሚሳሳተው ትልቁን በመግዛት ነው። ለመኪና ጎማ የተሠራው ትልቅ መፍቻ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን አይሆንም። እንዲህ ያለ ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ የሚጠብቀው ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትልቁ መፍቻ እዚያ ታች አይሰማም፣ እናንተም "ጠቅ" እስኪል ስትጠብቁ ጥርሱ ተበልቶ ይወጣል። መጀመሪያ ከ5 እስከ 25 የሚለካውን ትንሹን ግዙ። ለቴስታታው የሚሆነውን መካከለኛ መጠን ቀጥሎ።

ፒስተን፦ የድሮ ክምችት ወይስ አዲስ?

የድሮ ክምችት ማለት በዘመኑ ፋብሪካው ሠርቶት ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ነው። ብረት ከሆነ ውሰዱት። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ጥርስ፣ ካልዛገ መደርደሪያ ላይ ስለቆየ አይጎዳም። ጎማ ከሆነ ተዉት። የድሮ ኦይል ሲልና ኦሪንግ በማሸጊያው ውስጥ ሆኖም ይደርቃል፣ ይጠነክራል። "ኦሪጅናል ነው" የሚለው ቃል እዚህ አያታልላችሁ።

አዲስ ከሚመረቱት ደግሞ ካስት (ቀልጦ የተቀዳ) እና ፎርጅድ (በግፊት የተቀጠቀጠ) የሚባሉ አሉ። ፎርጅድ ጠንካራ ነው፣ ለውድድር ተመራጭ ነው፣ ግን በሙቀት የበለጠ ስለሚሰፋ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይንኳኳል። ለመንገድ የሚሆን አሮጌ ሞተር ላይ ጥሩ ካስት ፒስተን ይበቃል፣ ትርፍ ገንዘብ አታውጡ።

ከምርጫው የበለጠ ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ። መጀመሪያ ለኩ። የጃፓን ሞተር ፒስተኖች ብዙውን ጊዜ በ0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሚሊ ሜትር እየተለቁ ይመጣሉ፣ የትኛው እንደሚያስፈልግ መለኪያው ይነግራችኋል። ከዚያ ፒስተኑን ግዙ። ከዚያ ሲሊንደሩን ከነፒስተኑ ለማሽን ሠራተኛው ስጡ፣ በዚያው ፒስተን ልክ ያስፋው። ሲሊንደሩን አስቀድሞ አስፍቶ ፒስተን ፍለጋ የወጣ ሰው ያዘነ ሰው ነው።

ጋስኬት

ጋስኬት በመጋጠሚያዎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ ነው። ሙሉ ስብስብ መግዛት ከአንድ በአንድ ይሻላል። በርካሽ ስብስብ ውስጥ የወረቀቶቹ ጋስኬቶች አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ፣ የቴስታታውን ጋስኬት ግን ከተሻለ አምራች ለብቻው ግዙ። ጋስኬት በሌለበት የካርተር መጋጠሚያ ላይ ተራ ሲሊኮን አትቀቡ። ተርፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ተቆርጦ የዘይት መንገድ ይዘጋል። ለሞተር ካርተር የተሠራ ፈሳሽ ጋስኬት አለ፣ እሱን በስሱ።

አሁን ወደ ማብራቱ፦ በእጅ፣ በዲስክ ወይስ በቬፐር ብላስቲንግ?

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚከራከረው። ሦስቱ የሚሰጡት መልክ አንድ ስላልሆነ መጀመሪያ ምን ዓይነት መልክ እንደምትፈልጉ ወስኑ።

በእጅ መወልወል ርካሹ ነው። የድሮውን ላከር (ግልጽ መከላከያ ቀለም) በቀለም ማስለቀቂያ አንስታችሁ በ320 ወይም በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ትጀምራላችሁ፣ ከዚያ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ በውሃ እያራሳችሁ። በየቁጥሩ አቅጣጫ ቀይሩ፣ የቀደመው ጭረት ጠፍቶ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው። 400 ላይ የተዋችሁት ጭረት ቅባት ስትቀቡ ፈጦ ይወጣል፣ እንደገና ወደ ኋላ። አሰልቺ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ጥሩነቱ ጠርዝና ፊደል አይጠፋም፣ ዕቃም አይበላሽም። ለሁለት ሦስት የጎን ክዳን ይሄን እመርጣለሁ።

በሞተር የሚዞር ዲስክ ፈጣን ነው። መጀመሪያ የቃጫ ዲስክ ከሚቆርጥ ጠጣር ቅባት ጋር፣ ከዚያ ለስላሳ የጥጥ ዲስክ ከማብሪያ ቅባት ጋር። ለአንድ ዲስክ አንድ ቅባት ብቻ፣ አትደባልቁ። የብርጭቆ ወረቀቱን ሥራ ግን አያስቀርም። ጉድጓድና ጥልቅ ጭረት ካለ ዲስኩ ራሱን ጭረቱን ያበራላችኋል እንጂ አያጠፋውም። አደጋውም የእውነት ነው። ዕቃውን ከዲስኩ መሃል በታች ያዙ፣ የላይኛው ጠርዝ ከያዘው ከእጃችሁ ነጥቆ ይወረውረዋል። ጓንት በዚህ ማሽን ላይ አይደረግም፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ግን ይደረጋል። አንድ ሌላ ነገር፦ የአሉሚኒየም ብናኝ ይቀጣጠላል። በዚያው ማሽን ላይ ብረት አትሳሉ፣ ፍንጣሪው ብናኙ ላይ ማረፍ የለበትም። ኃይለኛ ማሽን ግዙ፣ በትራፓኖ ላይ የሚገጠሙት ትንንሽ ዲስኮች ለጠባብ ቦታ ብቻ ናቸው።

ቬፐር ብላስቲንግ ውሃና የደቀቀ የመስታወት ብናኝ ደባልቆ በግፊት የሚረጭ ነው። እንደ መስታወት አያበራም። ለስለስ ያለ፣ ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል መልክ ይሰጣል፣ ቆሻሻም ቶሎ አይዝበትም። ለካርተር፣ ለቴስታታና ለካርቡራተር አካል ከዚህ የሚሻል አላየሁም፣ ምክንያቱም እነዚህ ዕቃዎች ሲጀመርም አይወለወሉም ነበር። ማሽኑን ለአንድ ሞተር ብላችሁ አትግዙ፣ አገልግሎቱን ግዙ። የመስታወት ብናኝ የዘይት መንገድ ውስጥ ከቀረ አዲሱን ኩሽኔታ ይበላዋል። የዘይት መንገዱን መሰኪያዎች ሁሉ አውጡ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ በየቀዳዳው ብሩሽ አሳልፉ፣ በአየር ንፉ፣ ድገሙት። የተገጣጠመ ሞተር ላይ ደግሞ በፍጹም አይረጭም።

ለመሞከር የምትፈተኑበት አራተኛ መንገድ አለ፦ የምድጃ ማጽጃ። ብዙዎቹ ኮስቲክ ሶዳ አለባቸው፣ አሉሚኒየምን ይበላሉ፣ ያጠቁራሉ። ተዉት።

የኔ አሰላለፍ እንዲህ ነው፦ የጎን ክዳኖች ይወልወሉ፣ ካርተርና ቴስታታ ቬፐር ይሁኑ፣ የብረት ሲሊንደር ሙቀት በሚችል ጥቁር ቀለም ይቀባ። ሁሉን ነገር ያበሩ ሞተሮች ፎቶ ላይ ያምራሉ፣ አጠገባቸው ስትቆሙ ግን ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

ላከር ይቀባ ወይስ ባዶውን ይተው?

ፋብሪካዎቹ ብዙዎቹን ክዳኖች በላከር ሸፍነው ነበር የሚሸጡት። ላከር ከተቀባ ለጥቂት ዓመት እጃችሁ ያርፋል። አንድ ጠጠር ሲመታው ግን እርጥበት ከሥሩ ይገባል፣ ነጭ ክር የመሰለ ዝገት እየተሳበ ይሄዳል፣ ያኔ ሁሉንም ልጣችሁ ከመጀመሪያ ነው። ባዶው አሉሚኒየም ይደበዝዛል፣ ግን በጨርቅና በትንሽ ቅባት በደቂቃዎች ይመለሳል። ሞተር ሳይክሉን በየጊዜው የምትነዱትና የምታጥቡት ከሆነ ባዶውን ተዉትና ሰም ቀቡት። ለረጅም ጊዜ ሽፋን ውስጥ የሚቆም ከሆነ ላከሩ ይሻላል፣ ከመቀባታችሁ በፊት ግን የመወልወያ ቅባቱን ቅሪት በአሴቶን አጥሩት፣ አለበለዚያ አይዝም።