የባቡር ኪስ ሰዓት ሊገዙ ነው? የፓተንቱን ቀን የት ቢፈትሹ ይሻላል

በድሮ የአሜሪካ የባቡር ኪስ ሰዓት (የባቡር ሠራተኞች ይይዙት የነበረ ሰዓት) ማሽን፣ ማለትም በኬዙ ውስጥ ባለው የሚዞር ክፍል ላይ፣ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ቀን ተቀርጾ ካዩ፣ የሻጩን ቃል ከማመንዎ በፊት ሰነዱን ራስዎ ማውጣት ይችላሉ። ከዚህ በታች ያሉት ሦስቱም መንገዶች ገንዘብ አይጠይቁም። ምርጫዎን የሚወስነው በእጅዎ ያለው ፍንጭ ነው፦ ቀን፣ ቁጥር ወይስ ስም።

መጀመሪያ ዕለቱን ያረጋግጡ። ከ1848 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ፓተንት የሚወጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ቀኑ ሌላ ዕለት ላይ ከዋለ ምናልባት 3ን እንደ 8፣ 1ን እንደ 7 አንብበዋል፤ ሻጩ ብርሃን ከጎን አድርጎ ደግሞ ፎቶ ያንሳ።

ቀን ብቻ ካለዎት ጉግል ፓተንትስ ይቀድማል። አንዳንድ የዋልተም (የአሜሪካ ሰዓት ፋብሪካ) ማሽኖች ላይ የፈጣሪው የፎግ ስምና ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1865 ይገኛል። የቀን ማጣሪያውን ከ13 እስከ 15፣ አገሩን አሜሪካ፣ ምድቡን ጂ04ቢ (የሜካኒካል ሰዓት) ያድርጉ። በዚያን ጊዜ በሳምንት የሚወጣው ከ100 ትንሽ የሚበልጥ ስለነበር ያለ ምድብም አንድ በአንድ ማየት ይቻላል፤ በ1900 ግን ከ400 በላይ ደርሷል። ድክመቱ የስም ፍለጋው ነው። የድሮው ኅትመት በማሽን ሲነበብ ፊደሉ ስለሚበላሽ «ፎግ» ብለው ፈልገው ባዶ ቢወጣ ፓተንቱ የለም ማለት አይደለም።

የተገኘው ሰነድ ስለ መጠበቂያ ፒኒየን (ትንሽ ጥርሳም ጎማ) ነው። ዋናው ሞላ ሲበጠስ ኃይሉ ወደ ኋላ ይመታል፤ ፒኒየኑ ከዘንጉ ላይ ራሱን ፈትቶ ጥርሶቹን ያድናል። ዝገት ወይም የደረቀ ዘይት ካጣበቀው ግን አይፈታም፤ ስለዚህ ሞላው ተበጥሶ የሚያውቅ ሰዓት ከሆነ ጥርሶቹን ሰዓት ሠሪ ይይልዎት።

የአሜሪካ ፓተንት መሥሪያ ቤት የራሱ መፈለጊያ፣ ፓተንት ፐብሊክ ሰርች፣ ቁጥሩን ለያዘ ሰው ነው። ለጀማሪ ገጹ ያደክማል፤ የባቡር ሰዓቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁጥር ሳይሆን ቀን ነው የሚይዙት። ከጉግል ያገኙትን ለማረጋገጥ ይጠቀሙበት።

ስምና ግምታዊ ዓመት ብቻ ካለ የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ኮሚሽነር ዓመታዊ ሪፖርት ይሻላል፤ ሃቲትረስት በተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ላይ ይነበባል። የፈጣሪዎች ስም በፊደል ተራ ስለተቀመጠ ጉግል ያበላሸውን ስም እዚህ ያገኙታል። የመሥሪያ ቤቱ ሳምንታዊ ጋዜት ከ1872 በፊት ስለሌለ ለፎግ ዘመን አይጠቅምም።

የፓተንት ቀን ግን የስሪት ቀን አይደለም። ስሪቱን የሚነግርዎት የማሽኑ ተከታታይ ቁጥር ነው፤ የኬዙ ቁጥር አይደለም፣ ማሽንና ኬዝ ለየብቻ ይሸጡ ነበርና። «ጄ. ቦስ» የሚል ኬዝ ይዞ «የ1859 የወርቅ ሰዓት» የሚል ሻጭ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፦ 1859 ጄምስ ቦስ ፓተንት ቁጥር 23,820ን ያገኘበት ዓመት ነው፤ ፓተንቱም ተራ ብረትን በቀጭን ወርቅ ስለመሸፈን ነው።

በ1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን ላይ ባቡሮች ከተጋጩ በኋላ ከሰዓት መርማሪው ከዌብ ቦል ስም ጋር የሚነሳው የ1893 የባቡር ሰዓት መስፈርት ቢያንስ 17 ድንጋይ (ሰበቃ የሚቀንስ የከበረ ድንጋይ)፣ ሰዓቱ በ5 አቀማመጥ ሲያዝ መስተካከልና በሳምንት ከ30 ሰከንድ ያልበለጠ ስሕተት ይጠይቃል፤ በእጅ የሚዞረው መሙያውም 12 ቁጥር ላይ መሆን አለበት። በቁልፍ የሚሞላ ዋልተም የፎግ ፓተንት ቢኖረውም ይህን አያሟላም፤ በባቡር ደረጃ ዋጋ አይግዙት።