ዘጠኝ ወር ከ«የቀለበቶቹ ጌታ» ጋር፦ የአንድ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ግምገማ

የጄ. አር. አር. ቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» በአንድ ጥራዝ የታተመውን የእንግሊዝኛ ቅጂ ያገኘሁት በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ነው። ገንዘቡን ለታናሽ እህቴ ልኬላት ከአዲስ አበባ በ1,800 ብር ገዝታ ይዛልኝ መጣች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ወራት ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ አብዛኛውን ማታ ማታ ሐዋሳ በሚገኘው ቤቴ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከዛፍ ሥር ተቀምጬ። በተገዛ በሳምንቱ ስለ መጽሐፍ የሚሰጥ አስተያየት ከሽፋኑና ከመግቢያው ስለማያልፍ እስከ አሁን ሳልጽፍ ቆይቻለሁ። በግንቦት ጽፌ ቢሆን ኖሮ «ስለ አንድ ክፉ ቀለበት የሚተርክ፣ ጥሩ ነገር ግን የተንዛዛ ታሪክ» ብዬ አልፈው ነበር። ያ ፍርድ ትክክል እንዳልነበረ የገባኝ በሁለተኛው ንባብ ነው።

አስቀድሜ ስለ ዕቃው ልናገር። ከ1,100 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ በለስላሳ ሽፋንና በአንድ ጥራዝ መታተሙ ለአንባቢ አይመችም። በሦስተኛው ወር ጀርባው መካከሉ ላይ ተሰነጠቀ፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሙጫው ለቀቀና ወደ አርባ የሚጠጉ ገጾች አንድ በአንድ ይመዘዙ ጀመር። መናኸሪያ አካባቢ የሚሠራ ጠራዥ በ200 ብር በክር ሰፍቶ አደሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልሆነም። ካርታዎቹ ከመጠን በላይ ስላነሱ የቦታዎቹን ስም ለማንበብ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። በአንጻሩ መጨረሻ ላይ ያሉት አባሪዎች፣ በተለይም የዘመናቱን ቅደም ተከተል የያዘው፣ ብቻቸውን የመጽሐፉን ዋጋ ያወጣሉ። ሥራው መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ተከፍሎ ስለሆነ፣ ለመግዛት የምታስቡ በሦስት የተከፈለውን ብትፈልጉ ይሻላል።

ከዚህ በታች የታሪኩን መጨረሻ ጭምር ስለምነካ፣ ሳያውቅ ማንበብ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ያቁም።

ቀለበቱን ያበጀው ሳውሮን የተባለ ኃያልና ክፉ ፍጡር ነው፤ በእሳተ ገሞራ እሳት ሲሠራው ከራሱ ኃይል ብዙውን አፍስሶበታል። የሚያጠልቀው ሟች ከሰው ዓይን ይሰወራል፤ ይዞት የሚኖር ሰው ደግሞ አያረጅም፣ ነገር ግን ዕድሜ አይጨመርለትም፤ ያችው ያለችው እየሳሳች ትለጠጥበታለች እንጂ። ራሳቸውን መሰወር ይችላሉ ስለሚባሉ ደብተራዎች እየሰማ ላደገ የአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እኔ ግን ደጋግሜ የማስበው ስለ ሌላ ቀለበት ነበር። በ«ክብረ ነገሥት» ውስጥ ሰሎሞን ከጣቱ አውልቆ ለንግሥተ ሳባ የሰጣት ቀለበት፣ የሚወለደው ልጅ ወደ አባቱ ሲሄድ ምልክት እንዲሆነው የታሰበ ነው። ያ ቀለበት ባለቤቱ የማን ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል። የሳውሮን ቀለበት ግን የያዘውን ሰው ከወገኖቹ ይሰውረዋል፤ ቆይቶም ከራሱ ይሰውረዋል።

በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ሲወጣ ሞዴል 22፤ ሰው ሲቀየር ደግሞ ርክክብ ይደረጋል። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ እንደሚያውቀው ንብረት ሊጠፋ ሲል አስቀድሞ የሚበላሸው ወረቀቱ ነው። በሁለተኛው ንባቤ ዓይኔን የያዘው ይኸው ነገር ነበር። ቀለበቱ እጁ የገባ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር የሚያደርገው አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ዕቃው በምን አኳኋን የእርሱ እንደሆነ የሚገልጽ ምክንያት ያበጃል።

ሳውሮንን የተዋጋው የንጉሥ ልጅ ኢሲልዱር ቀለበቱን ከሳውሮን እጅ ቆርጦ ሲወስድ፣ አጠገቡ የነበሩት ሊያጠፋው ወደሚችለው ብቸኛ እሳት፣ ወደ ተሠራበት፣ እንዲጥለው መከሩት፤ እርሱ ግን ለአባቱና ለወንድሙ የደም ካሳ ነው ብሎ አስቀረው። ስሜያጎል፣ ኋላ ጎለም የተባለው፣ ቀለበቱን ከወንዝ ያገኘውን ጓደኛውን ዴያጎልን አንቆ ገደለው፤ ቀኑ ልደቱ ነበርና ከዚያ በኋላ ወደ 480 ለሚጠጉ ዓመታት «የልደት ስጦታዬ ነው» ሲል ኖረ። ከጎለም ቀጥሎ ቀለበቱ እጁ የገባው ቢልቦ ማንንም አልገደለም፤ በጨለማ ዋሻ ውስጥ ከመሬት ያነሣው ነው። እርሱም ግን ለጓደኞቹ ሲናገር ያገኘውን ዕቃ በውድድር አሸንፎ የተሰጠው ስጦታ አደረገው። ጋንዳልፍ የተባለው አዋቂ ቀለበቱን መጠርጠር የጀመረው፣ ሐቀኛነቱን የሚያውቀው ቢልቦ ከጎለም ጋር የሚመሳሰል ሰበብ ማቅረቡን በሰማ ጊዜ ነው።

ከዚህ ጀርባ ከራሱ ከልብ ወለዱ የማይተናነስ እውነተኛ ታሪክ አለ። ደራሲው የቢልቦን ታሪክ ለብቻው በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን፣ በዚያ እትም ጎለም ቀለበቱን በእርግጥም ስጦታ አድርጎ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር፤ ቀለበቱም የሚሰውር መልካም ዕቃ እንጂ ክፉ አልነበረም። ቀጣዩ ሥራ እየሰፋ ሲሄድ ቀለበቱ ሌላ ነገር ሆነ፤ ስለዚህ ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው እትም ያንን ምዕራፍ ለወጠው። የቀድሞውን ግን እንዳልነበረ አላደረገውም፤ ቢልቦ ያኔ የተናገረው ውሸት ነው ብሎ በታሪኩ ውስጥ ቦታ ሰጠው። የራሱን የእርማት ችግር የገጸ ባሕርዩ የኅሊና ችግር አድርጎ መገኘቱ እጅግ አስደንቆኛል።

ቀለበቱን «የእኔ» ብሎ የማስቀረት አመል የሚታየው ከንግግር ይልቅ በእጅ ላይ ነው። ቢልቦ 111 ዓመት በሞላው ቀን ቀለበቱን በፖስታ አሽጎ ለወራሹ ለፍሮዶ ትቶ ሊሄድ ይነሣል። ፖስታውን ከሰዓቱ አጠገብ ሊያስቀምጥ ሲል እጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ይመለስና ፖስታው ወለል ላይ ይወድቃል፤ እርሱ ከማንሣቱ በፊት ጋንዳልፍ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ ቦታው ላይ ያኖረዋል። ከ17 ዓመት በኋላ ፍሮዶ የቀለበቱን ምንነት በተረዳበት ጠዋት ከኪሱ አውጥቶ እሳት ውስጥ ሊወረውረው ይወስናል፤ የሚወረውር ይመስል እጁን ያንቀሳቅሳል፤ ሲያየው ግን ቀለበቱ ተመልሶ ኪሱ ውስጥ ገብቷል። ሲመልሰው አልታወቀውም። ፍሮዶ በዚያ ሰዓት ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀለበቱ መጥፋት እንዳለበትም በአእምሮው ተስማምቷል። ይህን አንቀጽ በመጀመሪያው ንባብ ሳላስተውል አልፌው ነበር።

በሁለተኛው ንባብ፣ በጥቅምት ወር አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሳለ እዚሁ ገጽ ላይ ደረስሁ። የማነበው በቻርጅ በሚሠራ የእጅ ባትሪ ነበር። ባትሪው ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ የንብረት መለያ ቁጥር አለው፤ ግማሹ በእጄ ላብ ለቋል። በአንድ የቆጠራ ምሽት መንገዱ ስለጨለመብኝ ከግምጃ ቤቱ ይዤው የወጣሁት ነው፤ ሞዴል 22 አልተቆረጠለትም፤ በማግሥቱ ልመልሰው አስቤ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለቤቴ ያኔ «ከየት አመጣኸው?» ስትለኝ «መሥሪያ ቤት ሰጠኝ» ብያት ነበር። በ2016 እና በ2017 ሰኔ ቆጠራዎች ላይ «በአገልግሎት ላይ ያለ» ብዬ ሞልቼ ፈርሜበታለሁ፤ ሁለተኛውን ስፈርም የስሜያጎልን የልደት ስጦታ አንብቤ ካለፍሁ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። የከፋኝ ባትሪውን ማስቀረቴ ብቻ አልነበረም፤ ቁጥሩን በየማታው እያየሁ «የእኔ» ነው ብዬ ከልቤ ማመኔ ነው። በማግሥቱ መልሼ ለኃላፊዬ ሁኔታውን በጽሑፍ አስረዳሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድሁት በታቦር ተራራ በኩል በእግሬ ነበር፤ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ከሰው ጋር ማውራት አላሰኘኝም።

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛው እንዲጠነክርለት እሑድ እሑድ አንዳንድ ገጽ እየተፈራረቅን ጮክ ብለን እናነባለን። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ጋንዳልፍ እንዲህ ያለ ደግና ብርቱ ከሆነ ራሱ ለምን አልያዘውም?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ነበር፤ ፍሮዶ ቀለበቱን ሊሰጠው ሲለምነው ጋንዳልፍ ይደነግጣል፤ ቀለበቱ ወደ እርሱ ልብ የሚገባው በርኅራኄ በኩል፣ ለደካሞች በማዘንና መልካም ለማድረግ ብርታትን በመሻት በኩል መሆኑን ይነግረዋል። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን፤ ይህ ተረት የሚናገረው ገና ሲሾም ሊበላ ስላሰበ ሰው ነው። ቶልኪን የሚያሳየን ሊያበላ አስቦ ስለተሾመው ነው፣ ያም ከቀድሞው ይልቅ ያስፈራል። ከፍሮዶ ጋር የሚጓዘው ጦረኛ ቦሮሚር ቀለበቱን ሊነጥቀው የተነሣው ከተማውን ከጠላት ለማዳን ነው። ወንድሙ ፋራሚር ግን መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ እንደማያነሣው ተናግሮ፣ ዕድሉ እጁ በገባ ጊዜም በቃሉ ተገኝቷል። ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች፣ የሚወዱትም ከተማ አንድ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የሳምን ክፍል ነው። የፍሮዶ አትክልተኛና አገልጋይ የሆነው ሳም፣ ጌታው የሞተ መስሎት ቀለበቱን ተረክቦ በሳውሮን ምድር በሞርዶር ደጃፍ ላይ ብቻውን ይቆማል። ቀለበቱ ለሳም ዙፋን አያሳየውም፤ አትክልት ነው የሚያሳየው፤ ያ የተቃጠለ በረሃ በእርሱ ትእዛዝ አበባና ዛፍ ሲለብስ ያሳየዋል። ሳምን ያዳነው ለጌታው ያለው ፍቅርና፣ በገዛ እጁ የሚኮተኩታት አንዲት ትንሽ ጓሮ እንደምትበቃው የሚነግረው ተራ ማስተዋሉ ነው። በኋላ ፍሮዶን በሕይወት ሲያገኘው ቀለበቱን ይመልስለታል፤ ሲመልስ ግን ያመነታል፤ ሸክሙን እንካፈል ይላል። ፍሮዶ «ሌባ» ብሎ ጮኾበት ከእጁ ይነጥቀውና ወዲያው ነቅቶ ይቅርታ ይለምነዋል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ርክክብ አይቻለሁ፤ አስረካቢው ቁልፉን ዘርግቶ ጣቶቹ ግን ሳይላቀቁ የሚቆዩባትን ያችን ቅጽበት እንዲህ አድርጎ የጻፈ አላየሁም።

ቀለበቱን ሊያጠፉ የተጓዙለት፣ የተሠራበት እሳት አፋፍ ላይ ሲደርሱ ፍሮዶ አይጥለውም። ምክንያትም ሰበብም አያቀርብም፤ ቀለበቱ የእኔ ነው ብሎ ያጠልቀዋል። የደም ካሳ፣ የልደት ስጦታ፣ የውድድር ሽልማት ሁሉ ቀርቶ «የእኔ» የሚለው ቃል ብቻውን ቀረ። ቀለበቱ የጠፋው ጎለም ጣቱን ነክሶ ቆርጦ ከነቀለበቱ ገደል ስለገባ ነው። አንዳንድ አንባቢ ይህን ዕድል ያደረገው ፍጻሜ ብሎ ይነቅፈዋል፤ በመጀመሪያው ንባብ እኔም እንደዚያው ተሰምቶኝ ነበር። ሆኖም ጎለም እስከዚያ ሰዓት በሕይወት የቆየው ቢልቦም ፍሮዶም ሊገድሉት ሲችሉ ስለራሩለት ነው። ጋንዳልፍ ገና ከመነሻው፣ ቢልቦ በቀለበቱ ብዙ ያልተጎዳው ባለቤትነቱን በርኅራኄ ስለጀመረ ነው ብሎ ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር ያገኘሁት በሁለተኛው ንባብ ነው፤ በመጀመሪያው ስለ መሸሽና ስለ ማሳደድ ስጓጓ ዘልዬው ነበር።

ጉድለቶችም አሉበት። መዝሙሮቹ ብዙ ናቸው፤ ከፊሎቹን በሁለተኛው ጊዜ ዘለልኋቸው። ስሞቹ በጣም ይመሳሰላሉ፤ በመጀመሪያው ወር ሳውሮንና ሳሩማን እየተምታቱብኝ ተቸግሬአለሁ። ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ካሉት ውስጥ ቀለበቱ ቀርቦላት በፈቃዷ የተወችው ጋላድሪኤል ከምትታይበት ይልቅ ብዙ ገጽ ይገባት ነበር። ቶም ቦምባዲል የተባለው፣ ቀለበቱን አጥልቆ የማይሰወረው ሰው፣ ታሪኩን ያዘገየዋል ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ግን አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ቀለበቱ የማይነካው ሰው ሊጠብቀውም እንደማይችል፣ ደንታ ስለሌለው ረስቶ እንደሚጥለው፣ ቀለበቱ ምን ይደረግ ብሎ በመከረው ጉባኤ ላይ ተነግሯል።

የገጹ ብዛት ያስፈራው ሰው ካለ፣ ፍሮዶ ከቤቱ ወጥቶ ቀለበቱ እስከ ጠፋበት ቀን ያለው ጊዜ በአባሪው መሠረት ስድስት ወር ገደማ ነው፤ በቀን አምስትና ስድስት ገጽ የሚያነብ ሰው ጉዞውን ከነርሱ እኩል ይጨርሰዋል። የእህቴ ልጅ አሁን ብቻውን ማንበብ ጀምሯል። መጽሐፉን በአሮጌ ጋዜጣ ሸፍኜ፣ የስሞቹን ዝርዝር በወረቀት ጽፌ ሽፋኑ ውስጥ አስገብቼ ሰጥቼዋለሁ፤ ትናንት ሳገኘው ፖስታው ወለል ላይ የወደቀበት ገጽ ላይ ደርሶ ነበር።