ፈረንጅ አራዳ ለምትሠራው የኮምፒውተር ባለሙያ እህታችን፦ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው

ጅማ ያላችሁ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠባችሁ ሁሉ፣ ይህን አንብቡልኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጠባብ ክፍል ውስጥ የምትሠራ አንዲት ወጣት አለች። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም፣ ትጭናለች። ሳላስፈቅዳት ስሟንና ስልኳን አላወጣም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛለሁ። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይሁን።

እሷ ዘንድ የወሰድነው የቤታችን ላፕቶፕ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 ነው። ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም፣ 320 ጊጋ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ። እሷ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሁለት የጥገና ቦታ ዞሯል። የመጀመሪያው ቦታ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ነው ያላቸው፦ ፎርማት፣ ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደረገ፣ ሦስት ጊዜ ተከፈለ፣ ክራክ የሆነ ዊንዶውስ ተጫነ፤ በወሩ ያው ዝግታውና ስታክ ማድረጉ ተመለሰ። የዲስኩን ጤና ልይ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ባሰ። 8 ጊጋ ራም ይዞ የገባ ማሽን 4 ይዞ ወጣ። ሲጠየቁ «ድሮም እንዲህ ነበር» አሉ። ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ያሉት የሟች አባታችን ፎቶዎች ይውጡልን ሲባሉም «ዲስኩ ሞቷል፣ ለቁራሌ ስጡት» ብለው መለሱ። እንዲህ ተብሎ ለሰው ይነገራል? ስለዚህ ማንኛውንም ማሽን ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት የራሙንና የዲስኩን መጠን የሚያሳየውን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

እህታችን ላፕቶፑን ስትቀበል የመጀመሪያ ቃሏ «ከአሁን በኋላ እንዳታበሩት» የሚል ነበር። ምክንያቱን አስረዳች። ዊንዶውስ በተነሣ ቁጥር በደከመው ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ የማይነበበውን ቦታ ደጋግሞ ይሞክራል፤ የቀረውንም ይጨርሰዋል። ሁለት ብሎን ፈትታ ዲስኩን ከጎኑ ሳበች፣ ከራሷ ማሽን ጋር በሳታ ገመድ አገናኘችው፣ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን የጤና መዝገብ ከፈተች። ሁለት መስመር አሳየች። 5ኛው ቁጥር ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል፤ 197ኛው ደግሞ መነበብ አቅቷቸው ገና ያልተተኩትን። ሁለቱም ዜሮ መሆን ሲገባቸው ከዜሮ ርቀዋል። የዝግታው ሁሉ ምክንያት እዚያ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሦስቱም ፎርማት በከንቱ የተደረገ ነው።

ከዚያ ፋይል በፋይል ኮፒ ማድረግ አልጀመረችም። የተጎዳ ዲስክ ላይ ተራ ኮፒ አንዱ ክፉ ቦታ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እሷ የተጠቀመችው ዲዲሬስኪው የሚባለውን የሊኑክስ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ በፍጥነት ይሰበስባል፣ የሚያስቸግረውን ይዘለዋል፤ ደኅናው ካለቀ በኋላ ወደ ዘለለው ተመልሶ በጥቂት በጥቂቱ ይለቅማል። የቱ እንደተነበበ የቱ እንደቀረ የሚመዘግብበት የካርታ ፋይልም አለው። የዚህ ጥቅሙ ማታ ታየ። መብራት ሄደ። ሲመለስ ሥራው ካቆመበት ቀጠለ እንጂ ከዜሮ አልጀመረም። በማግስቱ ማምሻውን አለቀ። ፎቶዎቹ ወጡ። ሁለቱ ብቻ የታችኛው ግማሻቸው ግራጫ ሆኗል፤ እነሱንም ደብቃ ከሌላው ጋር አልቀላቀለቻቸውም፣ ለብቻ ፎልደር አድርጋ «እነዚህ ከዚህ በላይ አይመለሱም» አለች። ሁለት ቦታ ገለበጠችልን፤ መክፈታቸውን አይተን ካረጋገጥን በኋላ እሷ ዘንድ የቀረውን ቅጂ ዓይናችን እያየ አጠፋች። ሳትጠየቅ! የቤተሰብ ፎቶ የሰው ገመና መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ አንድ ይኸው፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። ተባረኪ፣ ክፉ አይንካሽ።

ከዚያ ማሽኑን አነሣችው። በአሮጌው ዲስክ ምትክ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ገባ። ዝግታን በተመለከተ ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ለውጥ ነው፤ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ካላችሁ ለኤስኤስዲ አውጡት። የጎደለው 4 ጊጋ ራምም ተተካ። ራም ስትገዙ ተጠንቀቁ፦ እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች የሚጠቀሙት ዲዲአር 3 የሚባለው ራም ሁለት ዓይነት ነው፣ 1.5 ቮልትና 1.35 ቮልት። ዝቅተኛው ቮልቴጅ መጨረሻው ላይ «ኤል» የሚል ፊደል አለበት። ሦስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ሁለቱንም ይቀበላል፤ አራተኛ ትውልድ፣ ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1፣ የሚፈልገው «ኤል» ያለበትን ነው። ብዙ ሰው ተራውን ገዝቶ ማሽኑ አልነሣ ሲለው ማዘርቦርዱ ተቃጠለ ይባላል። ሳንቲም የምታክለውም የሰዓት ባትሪ ተቀየረች። ይህች ባትሪ ስትሞት ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ብራውዘሩም እያንዳንዱን ድረ ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይዘጋል። ስንቱ ሰው በዚህች ባትሪ የተነሣ ቫይረስ ነው ተብሎ ከፍሏል!

የጫነችው ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ዓይነት። ለምን ዊንዶውስ አልሆነም ለምትሉ፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰርን አይቀበልም። ሚንት 22 ግን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል፣ ዝቅተኛ ፍላጎቱም 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ዲስክ ነው። ሆኖም 4 ጊጋ ከሌላችሁ ብራውዘር ስትከፍቱ ትቸገራላችሁ፤ ይህንንም ሳትሸፍን ትናገራለች።

አጫጫኗ ላይ የወደድኩት ጥድፊያ የሌለበት መሆኑን ነው። ወደ 3 ጊጋ የሚጠጋውን የሚንት መጫኛ ፋይል አንድ ጊዜ አውርዳ የማረጋገጫ ቁጥሩን ከዋናው ጋር ታመሳክራለች፤ በተቆራረጠ ኔትወርክ ተበላሽቶ የወረደ ፋይል ጭነቱ መሃል ላይ ያቆማል። በ8 ጊጋ ፍላሽ ትጽፈዋለች፤ ዴል ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ተጭና ከፍላሹ ታስነሣለች። ከመጫኗ በፊት እዚያው ፍላሹ ላይ እንዳለ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ዋይፋዩን፣ ክዳኑ ሲዘጋ ተኝቶ መንቃቱን ትሞክራለች። አሮጌ ዴሎች ላይ የዋይፋይ ካርዱ ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ ሥራ ከሆነ አንዳንዴ አይታይም። ያን ጊዜ ስልክ በዩኤስቢ አገናኝቶ በስልኩ ዳታ ኢንተርኔት መስጠት፣ ከዚያ «ድራይቨር ማናጀር» ከፍቶ የጎደለውን ማስገባት ነው። ካርዱ ተበላሽቷል ተብላችሁ አዲስ አትግዙ። መጨረሻ ላይ ታይምሺፍትን ታበራለች፤ ሲስተሙ ቢበላሽ ወደ ደኅናው ቀን ይመልሰዋል። የግል ፋይላችሁን ግን አይጠብቅም፣ እሱን ለብቻ መያዝ አለባችሁ።

አማርኛውን አስተካክላ ነው የምታስረክበው። አይባስ በሚባለው የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ኤም 17 ኤን የሚባለውን ጨምራ «ሰራ» የተባለውን አጻጻፍ ትመርጣለች፤ በላቲን ፊደል ድምፁን ስትመቱ ፊደሉ በግዕዝ ይወጣል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር መጫን ቋንቋውን ይቀይራል። ይህንን በእጇ ጽፋ ክዳኑ ውስጥ ለጥፋልናለች። ለአፋን ኦሮሞ ቁቤ ተራው ኪቦርድ ስለሚበቃ ምንም አይጨመርም። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ዶክመንቶች ያላችሁ ግን ቀድማችሁ ንገሯት፤ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆነው ይታያሉ፣ ጽሑፉ ግን አልጠፋም።

ሐቀኝነቷን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሂሳቡን በፒችትሪ የሚሠራ አንድ ነጋዴ ሊያስጭን መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ አይሠራልዎትም፣ ይህኛው ባለበት ይቆይ፤ ለልጆቹ ሌላ አሮጌ ካለዎት እሱን ያምጡልኝ» ብላ መለሰችው። ሥራ እያላት ሥራ መለሰች። ለቤት፣ ለትምህርት፣ ለቴሌግራም፣ ለፊልም፣ ደብዳቤ ለመጻፍ ማሽን የሚፈልገውን ሰው ግን ትቀበላለች፤ እኔም ሳልሰለች እደግመዋለሁ፣ ወደ እሷ ውሰዱ።

ስትሄዱ ቻርጀሩን አትርሱ፣ ባትሪው የደከመ ማሽን መሃል ላይ ቢጠፋ ጭነቱ ይበላሻል። የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞችና የፕሪንተራችሁን ሞዴል በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ያላችሁ በተለይ ንገሯት፣ እሱ ከኢንተርኔት የሚወርድ ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ትንሽ ፕሮግራም ይፈልጋል። ፎቶ የሚያርፍበት ውጫዊ ዲስክ ወይም ፍላሽም ይዛችሁ ሂዱ። ዲስካችሁ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ እሷ ዘንድ እስክትደርሱ አታብሩት።